ቀንድ አውጣ በአዲስ ውኃ ውስጥ፦ ከለንደን የመስታወት ገንዳ እስከ አባያ ዳርቻ



የዛሬው ንግግሬ የተመሠረተበት ጥያቄ በመጀመሪያ ሲሰሙት ትንሽ ይመስላል። አንድ ሰው የመስታወት ገንዳ አዘጋጅቶ፣ አሸዋና ተክል አስገብቶ፣ ንጹሕ ውኃ ከሞላበት በኋላ ውኃው ገና ሳይረጋ ቀንድ አውጣ ቢጨምርበት ምን ይሆናል? ይህ የቤት ማስዋቢያ ወዳጆች ጥያቄ ብቻ አይደለም። በትምህርት ቤት ቤተ ሙከራ ገንዳ የሚያዘጋጅ መምህር፣ ኩሬ የሚቆፍር ገበሬ፣ የመስኖ ቦይ የሚዘረጋ መሐንዲስ ሁሉም አዲስ ውኃ ይፈጥራሉ። ልዩነቱ የገንዳው ባለቤት ቀንድ አውጣውን መርጦ ሲያስገባ፣ ወደ ኩሬውና ወደ ቦዩ ግን ቀንድ አውጣው ሳይጠራ መምጣቱ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

አባትና ልጅ

የጥያቄው ታሪክ በ1849 ለንደን ውስጥ ይጀምራል። ሮበርት ዋሪንግተን የተባለ ኬሚስት፣ በመድኃኒት ቀማሚዎች ማኅበር ውስጥ ይሠራ የነበረ ሰው፣ ሁለት ትንንሽ ወርቃማ ዓሦችንና ቫሊስኔሪያ የተባለውን የውኃ ተክል በአንድ የመስታወት ዕቃ ውስጥ አኖረ። ዓላማው እንስሳው የሚያወጣውን አየር ተክሉ እንደሚጠቀምበት፣ ተክሉ የሚሰጠውን ደግሞ እንስሳው እንደሚተነፍሰው፣ ውኃውም ሳይቀየር ሊቆይ እንደሚችል ማሳየት ነበር። ነገር ግን የተክሉ ቅጠሎች እየበሰበሱ ውኃው ደፈረሰ፤ የመስታወቱም ግድግዳ በአረንጓዴ ዝቃጭ ተሸፈነ። ዋሪንግተን በዚህ ጊዜ ከተፈጥሮ ኩሬ ትምህርት ወሰደ። ሊምኒያ የተባሉ ጥቂት የኩሬ ቀንድ አውጦች ጨመረ። እነርሱም የበሰበሰውን ቅጠልና ዝቃጩን በሉ፤ ውኃው ጠራ፤ የጣሉት እንቁላልም ለዓሦቹ ምግብ ሆነ። ውጤቱን በ1850 ለለንደን ኬሚስቶች ማኅበር አቀረበ። ከሦስት ዓመት በኋላ በ1853 የለንደን የእንስሳት ማቆያ የመጀመሪያውን የሕዝብ አኳሪየም ከፈተ።

ከዚያ ዘመን ጀምሮ «ቀንድ አውጣ ውኃን ያጠራል» የሚለው እምነት ከገንዳ ወደ ገንዳ ተላለፈ። እምነቱ ግማሽ እውነት ነው። ቀንድ አውጣ የሚታየውን ቆሻሻ ይበላል፤ የበላውን ግን ከምድር አያጠፋውም። ከፊሉን ሥጋና ቅርፊት ያደርገዋል፤ የቀረውን በኩስና በአሞንያ መልክ ወደ ውኃው ይመልሰዋል። ለዓይን የጠራ ውኃ ለዓሣ የሚገድል ሊሆን የሚችለው ስለዚህ ነው።

የቀረውን ግማሽ እውነት ያገኙት ሌሎች ናቸው። በ1877 ሽሌዚንግና ሙንትዝ የተባሉ ሁለት ፈረንሳውያን የፍሳሽ ቆሻሻ ውኃን በአሸዋ በተሞላ ቱቦ ውስጥ አሳለፉ። ለ20 ቀናት ያህል ምንም ለውጥ አልታየም፤ ከዚያ በኋላ ግን አሞንያው ወደ ናይትሬት ይለወጥ ጀመር። ክሎሮፎርም ሲጨምሩበት ለውጡ ቆመ። ክሎሮፎርም ሕያዋንን የሚያደነዝዝ ስለሆነ ሥራውን የሚሠራው ሕይወት ያለው ነገር እንደሆነ ተረዱ። ይህን ፈለግ ተከትለው በእንግሊዝ የሮትሃምስቴድ የእርሻ ምርምር ጣቢያ ለውጡ በሁለት ደረጃ፣ በሁለት የተለያዩ ሕያዋን እንደሚከናወን ካሳዩት አንዱ ሮበርት ዋሪንግተን ይባላል፤ በለንደን ቀንድ አውጣውን የጨመረው የዚያው ኬሚስት ልጅ ነው። በ1890 ቪኖግራድስኪ እነዚህን ባክቴሪያዎች ለይቶ አሳደጋቸው። አንደኞቹ አሞንያን ወደ ናይትራይት፣ ሁለተኞቹ ናይትራይትን ጉዳቱ እጅግ ወዳነሰው ናይትሬት ይለውጣሉ።

እንግዲህ አባት የሚታየውን ሠራተኛ ሲያይ ልጅ የማይታየውን አገኘ። የዛሬ ገንዳ አዘጋጆች «ውኃው ዑደቱን እስኪጨርስ መጠበቅ» የሚሉት ይህንኑ ነው፦ ባክቴሪያዎቹ በአሸዋውና በማጣሪያው ላይ እስኪበዙ ድረስ አብዛኛውን ጊዜ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት መታገሥ። በመካከሉ መጀመሪያ አሞንያ፣ ቀጥሎ ናይትራይት ከፍ ብሎ ይወርዳል። በዚህ ወቅት ብዙ ቀንድ አውጣ መጨመር ገና ላልመጡ ሠራተኞች ሥራ ማብዛት ነው፤ ከቀንድ አውጦቹ አንዱ ሞቶ ሳይታይ ከበሰበሰ ደግሞ የአሞንያው መጠን በአንድ ጊዜ ያሻቅባል።

የመጀመሪያው መጤ

ሁሉም ቀንድ አውጣ ግን እኩል አይጎዳም። በስንጥብ የሚተነፍሱት በተበከለ ውኃ ቶሎ ይዳከማሉ። የዋሪንግተን ሊምኒያና ዘመዶቹ ግን ወደ ውኃው ገጽ ወጥተው አየር መሳብ ስለሚችሉ ኦክስጅን ባነሰበት ውኃ ይቋቋማሉ። ከእነዚሁ ወገን የሆነው ባዮምፋላርያ በደሙ ውስጥ ሄሞግሎቢን አለው። ከዚህም በላይ እያንዳንዱ ወንድም ሴትም ስለሆነ ብቻውን ተዋልዶ መንጋ ሊመሠርት ይችላል። ከሣር ሥር ጋር ተጣብቆ የመጣ አንድ ቀንድ አውጣ ለአንድ ኩሬ ይበቃል። በለንደን ገንዳ ውስጥ እንደ በጎ ምግባር የተቆጠረው ጽናት ይኸው ነው፤ በእኛ አገር ብዙ ያስከፈለንም ይኸው ጽናት ነው።

ዋሪንግተን ጽሑፉን ባቀረበ በማግስቱ ዓመት፣ በ1851፣ ቴዎዶር ቢልሃርዝ የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም ካይሮ ውስጥ ከሰው ደም ሥር አንድ ትል አገኘ። ትሉ ከሰው ወደ ሰው እንዴት እንደሚተላለፍ ግን ለስድሳ ዓመታት ያህል አከራከረ። በ1915 ሌይፐር በዚያው በግብፅ መልሱን አሳየ፦ የትሉ እንቁላል ከሰው ወደ ውኃ ይገባል፣ የተፈለፈለው እጭ ወደ ቀንድ አውጣ ይገባል፣ በውስጡ ሳምንታት ቆይቶ በብዙ እጥፍ ተራብቶ ይወጣል፣ በውኃው ውስጥ የቆመውንም ሰው ቆዳ በስቶ ይገባል። በአገራችን የአንጀቱን ቢልሃርዝያ የሚያስተላልፉት የባዮምፋላርያ ዝርያዎች ሲሆኑ፣ የሽንት ፊኛውን የሚያስተላልፉት ደግሞ ቡሊነስ የተባሉት ናቸው።

አዲስ ውኃ ይህን ታሪክ እንዴት እንደሚለውጠው የአዋሽ ሸለቆ ይመሰክራል። የወንጂ ስኳር ፋብሪካ በ1954 ማምረት ከጀመረ በኋላ በቦዮቹ ቀንድ አውጣው ተስፋፋ፤ የአንጀት ቢልሃርዝያም በሠራተኞች መንደሮች ሥር ሰደደ። በመካከለኛው አዋሽ ደግሞ ለጥጥ እርሻ ሲባል ረግረጉ ሲደርቅ የረግረግ ነዋሪው ቡሊነስ ሲቀንስ፣ በአዲሶቹ ቦዮች ባዮምፋላርያ ገባ። አንዱ ውኃ ጠፍቶ ሌላው ሲፈጠር፣ አንዱ በሽታ ለሌላው ስፍራውን ለቀቀ።

የዓድዋ ወንዝ

በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ በዓድዋ ቢልሃርዝያንና አስተላላፊውን ቀንድ አውጣ ሲያጠኑ፣ ሰዎች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች በርካታ የሞቱ ቀንድ አውጦች አዩ። የእንዶድን ፍሬ በውኃ አሟሙተው ሲፈትኑት ገዳይነቱ ተረጋገጠ። ከዚያም ከ1969 እስከ 1974 በዓድዋ በተካሄደው ሙከራ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት ባሉ ሕፃናት መካከል የበሽታው ስርጭት ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ወረደ። አክሊሉና የሥራ ባልደረባቸው ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ በ1989 «ራይት ላይቭሊሁድ» የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ። አክሊሉ የመሠረቱት የፓቶባዮሎጂ ተቋም ዛሬ በስማቸው ይጠራል።

የእንዶድ ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚነገረው እንደ ብሔራዊ ኩራት ነው፤ ይገባዋልም። ለዛሬው ጉዳያችን የሚጠቅመው ግን ወሰኑ ነው። እንዶድ ቀንድ አውጣውን ሲገድል እንቁላሉን አይገድልም፤ ዓሣንም ይጎዳል። ስለዚህ መድገምና መጠኑን መጠበቅ ያስፈልጋል። የመገበው ቆሻሻና የውኃ ዳር ሣር በስፍራው እስካሉ ድረስ የተረፈው እንቁላል እንደገና መንጋ ይሆናል። ዋሪንግተን ቀንድ አውጣ በመጨመር፣ እኛም ቀንድ አውጣ በመግደል ብቻ ውኃን ማስተካከል አንችልም። ቀንድ አውጣው የውኃው ጌታ ሳይሆን የውኃው ምስክር ነው።

ከተበላ ወደ ታች

ከሶዶ ወደ አርባ ምንጭ የሚወስደውን መንገድ ይዛችሁ የሁምቦዋን ተበላ ስታልፉ ምድሩ ወደ አባያ ሐይቅ ያዘቀዝቃል። በ1970 የተቋቋመው የወላይታ የእርሻ ልማት ድርጅት፣ በአጭሩ ዋዱ፣ ከተጨናነቀው ደጋ ሰዎችን ወስዶ ያሰፈረው በዚሁ አቅጣጫ ባለው በአበላ ቆላ ነበር። ደገኛው ወደ ቆላ ሲወርድ መሬቱን ብቻ ሳይሆን ውኃውንም ይለውጣል፤ ከምንጭ ወደ ወንዝ፣ ከወንዝ ወደ ቦይና ኩሬ። ጉዳዩ ያለፈ ታሪክ አይደለም። በዳሞት ወይዴ ወረዳ በደምባ ግራራ ተማሪዎች ላይ ተደርጎ በ2015 የታተመ ጥናት፣ ከተመረመሩት ልጆች ከመቶ ከ80 በላይ የሚሆኑት የአንጀት ቢልሃርዝያ እንዳለባቸው አሳይቷል።

ስለዚህ ለተማሪዎቼ የምለው ይህ ነው። ለቤተ ሙከራ ገንዳ ስታዘጋጁ ዑደቱ እስኪያልቅ ታገሡ፤ አሞንያና ናይትራይት መጥፋታቸውን ሳትለኩ ቀንድ አውጣ አትጨምሩ። ሲደርስም በቤተ ሙከራ ከተራባው ውሰዱ። ከወንዝ ወይም ከሐይቅ ዳር መሰብሰብ ግድ ከሆነ በባዶ እጅና በባዶ እግር አትግቡ፤ እያንዳንዱን ቀንድ አውጣ ለየብቻ በብርጭቆ አኑራችሁ በብርሃን ሥር እጭ ማውጣት አለማውጣቱን በማጉያ መነጽር መርምሩ። አንድ ጊዜ ንጹሕ መስሎ ቢታይም እጩ በውስጡ ገና ያልጎለመሰ ሊሆን ስለሚችል ለሳምንታት ለይታችሁ ደጋግማችሁ እዩት። የገንዳውንም ውኃ ወደ ወንዝ አትድፉ።

ለነገ መሐንዲሶችና የግብርና ባለሙያዎችም የምለው ከዚህ አይርቅም። ኩሬ ስንቆፍርና ቦይ ስንዘረጋ የመጀመሪያውን መጤ ማንነት አስቀድመን እናውቀዋለን፤ ታሪክ ነግሮናል። መጸዳጃው ከቦዩ በፊት ይሠራ፤ የቦዩ ሣር በየወቅቱ ይጽዳ፤ ልጆች የሚዋኙበትና እናቶች የሚያጥቡበት ስፍራ በእቅዱ ላይ ይታሰብ። አዲስ ውኃ ባዶ ሆኖ አይቆይም። ማን እንደሚኖርበት የሚወሰነውም ውኃው ከመሞላቱ በፊት እኛ በምናዘጋጀው ነገር ነው።