ጠጠር ያልተገኘበት የጎን ውጋትና የኩላሊት ደም ቅዳ መሰንጠቅ

ድንገተኛ የጎን ውጋት ብዙውን ጊዜ ከኩላሊት ጠጠር ይመጣል። አልፎ አልፎ ግን ወደ ኩላሊት ደም የሚወስደው የደም ቅዳ ውስጠኛ ግድግዳ ምንም አደጋ ሳይደርስበት ይሰነጠቃል። ደም በስንጥቁ ገብቶ የግድግዳውን ንጣፎች ሲለያይ መተላለፊያው ይጠብባል፤ ደም ያጣው የኩላሊት ክፍልም ይሞታል። ኩላሊቱ በዚህ ጊዜ ሬኒን የተሰኘ ንጥረ ነገር በብዛት ስለሚያመነጭ የደም ግፊት ያሻቅባል። ሕመሙ እጅግ አልፎ አልፎ የሚከሰት ሲሆን በይበልጥ የሚታየው ከ40 እስከ 60 ዓመት ባሉ ወንዶች ላይ ነው፤ ጤነኛ የነበረ ሰውም ሊያጋጥመው ይችላል።

ማቅለሽለሽና ደም የቀላቀለ ሽንት በጠጠርም ስለሚታዩ ሁለቱን ማምታታት ቀላል ነው። ተራ አልትራሳውንድ ስንጥቁን ላያሳይ ይችላል፤ በደም ሥር ቀለም ተሰጥቶ የሚነሣ ሲቲ ስካን ግን ይለየዋል። ጠጠር ሳይገኝ ውጋቱ ከቀጠለ፣ በተለይም ግፊቱ አዲስ ከሆነ፣ ሪፈር ማዘግየት አይገባም። ሉማሜ ከደጀን ወደ ደብረ ማርቆስ በሚወስደው አስፋልት ላይ ብትሆንም ምርመራው ወዳለበት ሆስፒታል መድረስ ጊዜ ይወስዳል፤ ደም ፈጽሞ የተቋረጠበት ኩላሊት ደግሞ የሚቋቋመው ጥቂት ሰዓታት ብቻ ነው።

አብዛኛው ታማሚ ያለ ቀዶ ሕክምና በግፊት መድኃኒት፣ አንዳንዴም በደም ማቅጠኛ ይታከማል። ከመድኃኒት ቤት ያለ ማዘዣ የሚገዛው ዳይክሎፌናክ ግን ሕመሙን እያስታገሠ የተጎዳውን ኩላሊት ይበልጥ ሊጎዳ ይችላል።