ከእንፋሎት ድንኳን እስከ ትንፋሽ ቆጠራ፦ የላይኛው የመተንፈሻ አካል ሕሙማን እንክብካቤ ታሪክ



የዛሬው ርእሰ ጉዳያችን በማንኛውም ጤና ጣቢያ በየቀኑ የሚታይ፣ ከመብዛቱም የተነሣ ታሪክ ያለው የማይመስል ሕመም ነው። ከአፍንጫ እስከ ማንቁርት ያለውን የላይኛውን የመተንፈሻ አካል የሚያጠቃ ኢንፌክሽን ማለቴ ነው። ጉንፋን፣ የጉሮሮ ቁስለት፣ የቶንሲልና የሳይነስ ብግነት፣ ድምፅ የሚዘጋ የማንቁርት ሕመም ሁሉ በዚህ ስም ይጠቃለላሉ። ሁለት ጥያቄዎችን አነሣለሁ። ፍቱን መድኃኒት ባልነበረበት ዘመን ነርሷ ለእነዚህ ሕሙማን ምን ታደርግላቸው ነበር? መድኃኒቱ ከመጣ በኋላስ ሥራዋ ምን ሆነ? በእኔ አስተያየት መድኃኒቱ የነርሷን ሥራ አላስቀረም፤ ሌሊቱን ከማስታመም ወደ መለየት አሸጋገረው። መለየት ስል ቀላሉን ከአደገኛው፣ መድኃኒት የሚያሻውን ከማያሻው ማለቴ ነው። በሌላ መልክ ካልገለጽሁ በቀር የምጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ አሳስባለሁ።

ከቋንቋችን ልነሣ። «ማስታመም» የሚለው ቃል «መታመም» ከሚለው ግሥ ጋር አንድ ሥር አለው። አስታማሚ ሌሊቱን ሳይተኛ የሚያነጋ፣ ውኃ የሚያቀርብ፣ ትኩሳቱን በመዳፉ የሚለካ የሕሙሙ ቤተ ዘመድ ነው። ዛሬም በሆስፒታሎቻችን ከነርሷ ጎን እንዲህ ያለ ሰው አይጠፋም። ይህ አገልግሎት ለጉንፋንና ለምች የራሱ ሥርዐት ነበረው። ዳማከሴ ይጨመቃል፤ ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት ይዘጋጃል፤ ማር ይቀርባል፤ ምግብ ለተዘጋበት ሕሙም አጥሚት ይሠራል። ፈሳሽ፣ ዕረፍትና ቀላል ምግብ መስጠትን የዛሬው የነርስነት ትምህርትም ያጸናዋል።

ከዚሁ ጋር ጎጂ ልማድም ነበረ፤ አሁንም ፈጽሞ አልጠፋም። እርሱም የሕፃናትን እንጥል መቁረጥ ነው። ያበጠ እንጥል ፈንድቶ ሕፃኑን ያንቀዋል ተብሎ ስለሚታመን፣ ገና በጨቅላነቱ ንጽሕናው ባልተጠበቀ ስለት ይቆረጣል። ውጤቱ የደም መፍሰስና ቁስል ማመርቀዝ፣ አንዳንዴም ሞት ነው። ልማዱን ስንነቅፍ ግን ከበስተጀርባው ያለውን ፍርሃት መረዳት ይገባናል። ወላጆች የልጃቸው ጉሮሮ ተዘግቶ ትንፋሹ እንዳይቆም ይሠጋሉ። ጉሮሮን በእርግጥ የሚዘጋ በሽታ ስለነበረ ፍርሃቱን መሠረት የሌለው ማለት አይቻልም።

ያ በሽታ ዲፍቴሪያ፣ በአማርኛ ዘጊ አነዳ የተባለው ነው። በ1826 ፒየር ብሬቶኖ የተባለው ፈረንሳዊ ሐኪም በሽታውን ከሌሎች የጉሮሮ ሕመሞች ለይቶ ስም ሰጠው። በጉሮሮው ላይ ግራጫ ሽፋን ይጋገራል፤ ሽፋኑ ወደ ማንቁርት ሲወርድ ልጁ ታፍኖ ይሞታል። ብሬቶኖ የትንፋሽ ቧንቧን በቀዶ ሕክምና ከፍቶ መተንፈሻ በመግጠም የልጅ ሕይወት ማዳን እንደሚቻል አሳየ። በ1880ዎቹ ደግሞ የኒው ዮርኩ ሐኪም ጆሴፍ ኦድዋየር ያለ ቀዶ ሕክምና በአፍ በኩል ወደ ማንቁርት የሚገባ ቱቦ ሠራ።

የሕክምና ታሪክ መጻሕፍት አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ላይ የሐኪሞቹን ስም መዝግበው ያልፋሉ። ነገር ግን ቱቦውን መግጠም የጥቂት ጊዜ ሥራ ሲሆን ቱቦው ክፍት ሆኖ እንዲቆይ መጠበቅ የቀናትና የሌሊቶች ሥራ ነበር። ቱቦው በአክታና በተላጠ ሽፋን ሊደፈን፣ ልጁ ሲያስልም ተስፈንጥሮ ሊወጣ ይችላል። ይህ በሚሆንበት ጊዜ በአልጋው አጠገብ ያለችው ነርሷ ናት። አንዲት ነርስ ለአንድ ልጅ ትመደባለች፤ ቱቦውን ታጸዳለች፤ ምግቡ ወደ ትንፋሽ መንገድ እንዳይገባ ተጠንቅቃ ትመግበዋለች፤ በአልጋው ላይ በተዘረጋው ድንኳን ውስጥ ከማንቆርቆሪያ የሚወጣው እንፋሎት እንዳይቋረጥ፣ ልጁንም እንዳያቃጥል ትቆጣጠራለች። የልጁ ከንፈር ሲጠቁር፣ የአንገቱ ሥር ሲሰረጎድ፣ አልረጋጋ ብሎ ሲገላበጥ አየር እያጠረው መሆኑን ከሁሉ አስቀድማ የምታውቅ እርሷ ነበረች። የዛሬዎቹ መማሪያ መጻሕፍት የትንፋሽ መታወክ ምልክቶች ብለው የሚዘረዝሩት በብዙ ረገድ በእነዚያ ክፍሎች የተከማቸ ዕውቀት ነው።

በ1890 ኤሚል ፎን ቤሪንግና ሺባሳቡሮ ኪታሳቶ የበሽታውን መርዝ የሚያከሽፍ ሴረም መገኘቱን አስታወቁ። በ1894 የፓሪሱ ኤሚል ሩ በብዙ ሕፃናት ላይ ሞክሮ የሚሞቱት ቁጥር በግማሽ ገደማ መቀነሱን አሳየ። ከዚያም ክትባቱ ተከተለ፤ በክትባት አዘውትረው በተዳረሱ አገሮችም የእንፋሎቱ ድንኳኖች አንድ በአንድ ተጠቀለሉ። መድኃኒት ድል አድርጎ ማስታመም ያበቃለት መሰለ።

ይህ ግምት ትክክል አለመሆኑን ግን 1918 አስቀድሞ አሳይቶ ነበር። በዚያ ዓመት ዓለምን የዞረው የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ እንደ ተራ ጉንፋን በአፍንጫና በጉሮሮ ጀምሮ በብዙዎች ላይ ወደ ሳንባ ይወርድ ነበር። ቢያንስ 50 ሚሊዮን ሰው እንደፈጀ ይገመታል። ወደ አገራችን ደርሶ በኅዳር 1911 ዓ.ም. በመበርታቱ «የኅዳር በሽታ» ተባለ። በአዲስ አበባ ብቻ ወደ 10,000 የሚጠጋ ሰው እንደሞተ ይገመታል። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኮንንም በጽኑ ታመው ተርፈዋል። በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ ሰብስቦ የማቃጠሉን፣ «ኅዳር ሲታጠን» የምንለውን ልማድ ብዙዎች ከዚህ መቅሠፍት ጋር ያያይዙታል።

በዚያን ጊዜ ሐኪም በእጁ ምን ነበረው? የበሽታው ቫይረስ ከሰው ላይ ተለይቶ የታወቀው በ1933 ነው፤ ፔኒሲሊንም ገና አልተገኘም ነበር። ስለዚህ ሕክምናው ራሱ እንክብካቤው ነበር፤ አልጋ፣ ውኃ፣ ሾርባ፣ በእርጥብ ጨርቅ ትኩሳትን ማብረድ፣ ንጹሕ አየር፣ ንጹሕ ልብስ። በኒው ዮርክ ሊሊያን ዋልድ የመሠረተችው የሄንሪ ስትሪት ተቋም ነርሶች ደረጃውን እየወጡ ቤት ለቤት ሕሙማንን ይጎበኙ ነበር። በአዲስ አበባ ግን የሠለጠነ ነርስ የሚያወጣ ትምህርት ቤት አልነበረም። ያለው አስታማሚ ብቻ ነበር፤ በሽታው ቤተሰቡን በአንድነት ሲጥል ደግሞ አስታማሚውም አብሮ ይተኛል። ውኃ የሚያቀርብ ሲጠፋ ሊድን የሚችለውም ይሞታል። ከቤተሰብ ውጭ የሆነ፣ የሠለጠነና ለዚሁ የተመደበ አስታማሚ የሚያስፈልግበትን ምክንያት ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ማስረጃ አላገኘሁም።

ያ ባለሙያ በአገራችን እስኪገኝ ሦስት ዐሥርት ዓመታት ፈጀ። ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ በስደት ዘመናቸው በለንደኑ የግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል በነርስነት ሠለጠኑ፤ ወደ አገራቸው ከተመለሱ በኋላ በ1942 በወጣትነታቸው ዐረፉ። መደበኛ የነርሶች ትምህርት ቤቶች በ1940ዎቹ መጨረሻና በ1950ዎቹ መጀመሪያ በአዲስ አበባ ተከፈቱ፤ በልዕልቲቱ ስም የተሠየመው ሆስፒታልም ከማሠልጠኛዎቹ አንዱ ሆነ። በ1954 የተቋቋመው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ደግሞ ከጤና መኮንኖች ጋር የማኅበረሰብ ነርሶችን አሠልጥኖ ወደ ገጠር ላከ።

እነዚህ ነርሶች ሥራ በጀመሩበት ዘመን በጉንፋንና በጉሮሮ ሕመም ላይ የነበረው ዕውቀት በሁለት በኩል ተለወጠ። የመጀመሪያው ለውጥ ስለ ብርድ ነው። በእንግሊዝ አገር በሳልዝበሪ አቅራቢያ በ1946 የተከፈተ የጉንፋን ምርምር ጣቢያ በፈቃደኞች ላይ ሙከራ ያደርግ ነበር። ከሙከራዎቹ በአንዱ ፈቃደኞቹ ሙቅ ውኃ ከታጠቡ በኋላ እርጥብ እንደሆኑ ነፋስ በሚያልፍበት መተላለፊያ እንዲቆሙ ተደረገ፤ ብርዱ ግን ጉንፋን አላመጣባቸውም። ጉንፋን የሚመጣው በቫይረስ፣ ቫይረሱም የሚመጣው ከሰው ነው። ይህ ለእኛ ቀላል ጉዳይ አይደለም። «ብርድ መታው» ብለን መስኮት ዘግተን፣ ምድጃ አንድደን፣ ጠያቂ በሞላበት ክፍል ሕፃኑን ስንሸፋፍን ጭሱንና የበሽታውን መተላለፊያ አብረን እንዘጋበታለን። ፍሎረንስ ናይቲንጌል ቫይረስ ሳይታወቅ፣ በ1860 አካባቢ ለነርሶች ያስተማረችው የመጀመሪያ ደንብ ሕሙሙን ሳያበርዱት የክፍሉን አየር እንደ ውጭው ንጹሕ ማድረግ ነበር።

ሁለተኛው ለውጥ ስለ ልብ ነው። በ1950 በዋዮሚንግ በሚገኝ የአሜሪካ ወታደራዊ ሰፈር የሠሩ ሐኪሞች በስትሬፕቶኮከስ ባክቴሪያ የመጣን የጉሮሮ ቁስለት በፔኒሲሊን ማከም የሩማቲክ ትኩሳትን እንደሚከላከል አሳዩ። ይህ ትኩሳት ሰውነት ባክቴሪያውን ለመዋጋት ያዘጋጀው ኃይል በራሱ ላይ ሲዞር የሚነሣ ነው፤ ሲደጋገምም የልብን በሮች ያበላሻል። በ10 ዓመቱ ጉሮሮውን ታሞ ያልታከመ ልጅ በ20 ዓመቱ ደረጃ መውጣት የሚያቅተው የልብ ሕሙም ሊሆን ይችላል። በሽታው ዛሬም በዓለም በየዓመቱ ከ300,000 በላይ ሰዎችን ይገድላል፤ አብዛኞቹ የድሃ አገሮች ሰዎች ናቸው። የልብ ቀዶ ሕክምና ለጥቂቶች ብቻ በሚደርስበት አገር ጉሮሮውን በጊዜው ያየችው ነርስ የምትሰጠው አንድ መርፌ ምትክ የለውም። በሽታው አንዴ ከያዘም በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ ቤንዛቲን ፔኒሲሊን የምትወጋው፣ በቀጠሮው የቀረውን ፈልጋ የምታገኘው እርሷው ናት።

ፔኒሲሊኑ ግን ሌላ ችግር ይዞ መጣ። አብዛኛው የላይኛው መተንፈሻ አካል ኢንፌክሽን የቫይረስ ነው፤ በቫይረስ ላይ ፔኒሲሊን አንዳች አይሠራም። ሆኖም ለጉንፋን ሁሉ መድኃኒቱን መስጠትም ሆነ ከመድኃኒት ቤት ገዝቶ በግማሽ መተው ልማድ ሆነ፤ ባክቴሪያዎችም መድኃኒቱን መቋቋም ተማሩ። ስለዚህ በአንድ ክፍል ውስጥ ሁለት ተቃራኒ ስሕተቶች ይፈጸማሉ። መድኃኒት የማያሻው ይወስዳል፤ የሚያሻው ሳይወስድ ይቀራል። ንፍጥ፣ ሳልና የድምፅ መጎርነን ካለ ወደ ቫይረስ ያመዝናል። ሳል ሳይኖር ትኩሳት፣ መግል የያዘ ቶንሲልና በአንገት ላይ የሚያም እብጠት ካለ ስትሬፕቶኮከስን መጠርጠር ይገባል። ይህን የምትለየው ሕሙሙን አስቀድማ የምታገኘው፣ ጉሮሮውን በብርሃን የምታየው ነርስ ናት።

የመለየት ጥበብ ከሁሉ ይበልጥ ቀላልና ጥልቅ የሆነው በ1980ዎቹ መጀመሪያ በፓፑዋ ኒው ጊኒ፣ በጎሮካ ሆስፒታል ነው። ፍራንክ ሻንና ባልደረቦቹ ራጅ በሌለበት ቦታ ተራ ሳልን ከሳንባ ምች ለመለየት የልጁን ትንፋሽ መቁጠርና ደረቱን መመልከት በእጅጉ እንደሚረዳ አሳዩ። የዓለም ጤና ድርጅት ይህን መንገድ ተቀብሎ አስፋፋው፤ አገራችንም ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በተቀናጀ የሕፃናት ሕመም ሕክምና ውስጥ አስገባችው። ከ2 እስከ 12 ወር ላለ ሕፃን በደቂቃ 50 ወይም ከዚያ በላይ፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት ላለ ልጅ 40 ወይም ከዚያ በላይ ትንፋሽ ፈጣን ይባላል። ልጁ ተረጋግቶ፣ ልብሱ ከፍ ተደርጎ፣ ሙሉ አንድ ደቂቃ መቆጠር አለበት። ወረፋው ሲረዝም በመጀመሪያ የምትሠዋው ያቺ ደቂቃ መሆኗ ያሳስበኛል፤ የእንፋሎቱን ድንኳን ስትጠብቅ ከነበረችው ነርስ የወረስነው ንቃት ተጨምቆ የተቀመጠው በእርሷ ውስጥ ነውና።

ተማሪዎች ሆይ፣ ነገ በተግባር ልምምድ ላይ ጉንፋን የያዘው ልጅ ይቀርብላችኋል። ትንፋሹን ቁጠሩ፤ ጉሮሮውንና ጆሮውን እዩ። የቫይረስ ሕመም ከሆነ እናቲቱን ያለ መድኃኒት ስትሸኟት በባዶ እጅ እንደሸኛችኋት አትቁጠሩ። ጡት ማጥባቷን እንድትቀጥል፣ ፈሳሽ እንድታበዛለት፣ የተዘጋ አፍንጫውን በጨው ውኃ እንድታለሰልስ አስተምሯት። ማር ሳልን ያለሰልሳል፤ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ግን አይሰጥም። አስፕሪንም ለልጆች አይሰጥ። መጠጣት ካቃተው፣ ትንፋሹ ከፈጠነ፣ ደረቱ ወደ ውስጥ ከተሰረጎደ፣ ዐርፎ ሳለ ሲተነፍስ ሻካራ ድምፅ ከተሰማ ወይም ምራቁን መዋጥ ተስኖት ከተዝረበረበ፣ ሌሊትም ቢሆን ይዛው እንድትመለስ ንገሯት፤ የነገራችኋትንም በራሷ ቃል መልሳ እንድትነግራችሁ ጠይቋት። እቤት ስትደርስ አስታማሚዋ እርሷ ናትና፣ የሙያችሁን ዓይን ለእርሷ ማዋስ የሥራችሁ አካል ነው።