ሰውነት ጠላቱን እንዴት ያውቃል? ከሜችኒኮፍ እሾህ እስከ ክትባት ማቀዝቀዣችን

ሰውነት ወራሪ ተሕዋስያንን በምን ይለያል? በምንስ ይዋጋል? እነዚህ ሁለት ጥያቄዎች ተመራማሪዎችን በሁለት ጎራ ከፍለው ለረጅም ጊዜ አከራክረዋል። ታሪኩን መለስ ብሎ መመልከት ለጤና ባለሙያ የዕለት ሥራውም ጉዳይ ነው፤ በየጤና ጣቢያው የምናስቀምጠው ክትባት የዚሁ ክርክር ፍሬ ነውና።

እ.ኤ.አ. በ1882 ኢሊያ ሜችኒኮፍ በሲሲሊ ደሴት መሲና ሳለ፣ አካሉ ብርሃን በሚያሳልፍ የኮከብ ዓሣ እጭ ውስጥ የጽጌረዳ እሾህ ሰካ። በማግሥቱ በማይክሮስኮፕ ሲመለከት ተንቀሳቃሽ ሕዋሳት እሾሁን ከበውት አገኘ። ብግነት የመከላከል ተግባር እንደሆነ፣ ተዋጊዎቹም በላኤ ሕዋሳት እንደሆኑ ከዚህ ተነሥቶ አስተማረ።

በ1890 ኤሚል ፎን ቤሪንግና ሺባሳቡሮ ኪታሳቶ በርሊን ውስጥ ሌላ ማስረጃ አቀረቡ። የመንጋጋ ቆልፍን መርዝ ከተቋቋመ እንስሳ የተወሰደ ሴረም ሌላውን እንስሳ ከሞት ታደገ። ስለዚህም ብዙዎች መከላከያው በደም ፈሳሽ ውስጥ ነው አሉ። ፓውል ኤርሊክ በ1897 ሕዋሳት መርዙን በተቀባዮቻቸው እንደሚይዙ፣ ተቀባዮቹም በብዛት ተመርተው ወደ ደም እንደሚለቀቁ አስረዳ።

አልምሮዝ ራይት በ1903 ሁለቱን ወገኖች የሚያስታርቅ ግኝት አቀረበ፤ በሴረም ውስጥ ያሉ ንጥረ ነገሮች ባክቴሪያውን ሸፍነው ለበላኤ ሕዋሳት ያመቻቹታል። የ1908 የኖቤል ሽልማትም ለሜችኒኮፍና ለኤርሊክ በጋራ ተሰጠ።

ሆኖም አንድ እንቆቅልሽ ቀረ። አሌክሳንደር ግሌኒ በ1926 የተዳከመውን የዘጊ አነዳ መርዝ ከአልሙኒየም ጨው ጋር ሲያዋህደው ክትባቱ እጅግ በረታ። ንጹሕ ፕሮቲን ብቻውን ለምን በቂ ምላሽ አይቀሰቅስም? ቻርልስ ጄንዌይ በ1989 ጥያቄውን በግልጽ አነሣ፤ ሊምፎሳይት ከመዝመቱ በፊት፣ ተሕዋስያን በጋራ የሚይዟቸውን ምልክቶች የሚለዩ ቀዳሚ ሕዋሳት የአደጋ ደወል ሊያሰሙ ይገባል አለ። ጁልስ ሆፍማን በ1996 በፍሬ ዝንብ፣ ብሩስ ቦይትለር በ1998 በአይጥ ባደረጓቸው ጥናቶች እነዚህን ለዪ ተቀባዮች አረጋገጡ፤ በ2011ም ከራልፍ ስታይንማን ጋር ተሸለሙ። አልሙኒየም የሚሠራበት መንገድ ከእነዚህ ተቀባዮች ቢለይም፣ መሠረታዊው ትምህርት አንድ ነው፤ ባዕድ መሆን ብቻ አይበቃም፣ ደወሉ መደወል አለበት።

ይህ ትምህርት ወደ ማቀዝቀዣችን ይመልሰናል። ፔንታቫለንትን የመሳሰሉ ክትባቶች አልሙኒየም ይዘዋል። በረዶ ሲሆኑ የጨው ውሕዱ ይሰባበራል፣ ይረጋል፤ ቢቀልጥም ወደ ቀድሞው አይመለስም። ክትባቱን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መጠበቅ፣ በረዶ የሆነውን ማስወገድ፣ ያጠራጠረንን በመነቅነቅ መፈተሽ የሚገባው ስለዚህ ነው። ሙቀትን የምንፈራውን ያህል ቅዝቃዜን ካልፈራን፣ ከሩቅ መንገድ የመጣች እናት የልጇን ካርድ አስሞልታ ትመለሳለች፤ የልጇ ሕዋሳት ግን ጠላታቸውን ሳያውቁ ይቀራሉ።