ስሙን የማታውቀው ፋይል
እ.ኤ.አ. ማርች 8 ቀን 1971 ማታ አሜሪካ የመሐመድ አሊንና የጆ ፍሬዚየርን ቡጢ እየተከታተለች ነበር። በዚያው ምሽት፣ ሚዲያ በምትባል ትንሽ የፔንስልቬንያ ከተማ፣ ስምንት የጦርነት ተቃዋሚዎች የኤፍቢአይን ቢሮ ሰብረው ገቡና ከ1,000 በላይ ሰነዶች በሻንጣ ይዘው ወጡ። ኤፍቢአይ ፈልጎ አልያዛቸውም።

ሰነዶቹ ወደ ጋዜጦች ተላኩ። ተማሪዎችና የጥቁሮች ማኅበራት እንደሚሰለሉ ታወቀ። አንዲት ወረቀት ላይ ግን ማንም ሰምቶት የማያውቅ ቃል ነበር፦ «ኮኢንቴልፕሮ»።

የኤንቢሲው ጋዜጠኛ ካርል ስተርን ምን እንደሆነ ጠየቀ፤ ከለከሉት። በመረጃ ነፃነት ሕጉ ከሰሰና በዲሴምበር 1973 የመጀመሪያዎቹ ሰነዶች እጁ ገቡ። ቃሉ ኤፍቢአይ ከ1956 ጀምሮ የፖለቲካ ድርጅቶችን ከውስጥ ለማፍረስ ያካሄደው ድብቅ ዘመቻ ስም ነበር።

ሕጉ እኮ ከ1967 ጀምሮ ሥራ ላይ ነበር! እኔ ኮድ ጸሐፊ ነኝ፤ የሠንጠረዡን ስም ካላወቅኩ ዳታቤዙን ምን ብዬ እጠይቀዋለሁ? ፖሊስ ምስጢር ያስፈልገዋል፤ ያላለቀ ምርመራ አለ፣ የጠቋሚ ሕይወት አለ። ውስጡን ባያሳየን እንኳ የተቆለፈ ፋይል መኖሩን ግን ማወቅ አለብን። ያኔ ይህን ለሕዝብ የነገሩት በር ሰባሪዎች ናቸው።