ፍርድና ቅጣት፤ የሞት ቅጣት በኢትዮጵያ ሕዝብ አስተያየት

መግቢያ

በግንቦት 2000 ዓ.ም. የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት በኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያምና በባልደረቦቻቸው ላይ የሞት ፍርድ በሰጠ ሰሞን፣ በምንኖርበት የስደት ከተማ አንድ የውይይት ስብሰባ ተደርጎ ነበር። ከተናጋሪዎቹ አንዱ «ሕዝባችን ገዳይ ሲሰቀል ካላየ ፍርድ ተሰጠ አይልም» አሉ፤ አዳራሹም አጨበጨበላቸው። ካጨበጨቡት መካከል እኛም ነበርን። ከስብሰባው ስንወጣ ግን ያጨበጨብንለት አባባል በታሪክ የተረጋገጠ መሆኑን ራሳችንን ጠየቅን፤ ይህ ጽሑፍም የዚያ ጥያቄ ውጤት ነው።

መከራከሪያችን አጭር ነው። የኢትዮጵያ ሕዝብ በታሪኩ አጥብቆ የጠየቀው ፍርድን፣ ማለትም በዳይና ተበዳይ ፊት ለፊት ቆመው የሚሰሙበትን ሸንጎ ነው። የቅጣቱ መክበድና መቅለል ከዚህ የተለየ ጉዳይ ነው። ገዢዎች ግን ሁለቱን እያደባለቁ የራሳቸውን ጭካኔ በሕዝብ ስም ሲያጸድቁ ኖረዋል፤ የተማረው ክፍልም ብዙ ጊዜ አምኗቸዋል።

የጥንቱ ሸንጎ

የቆየው ሕጋችን ለስላሳ ነበር የሚል የለም። በ13ኛው መቶ ዓመት በግብፅ ተጠናቅሮ ኋላ ከዐረብኛ ወደ ግእዝ የተመለሰው ፍትሐ ነገሥት ሞትንና አካል መቁረጥን ይደነግጋል። ነፍስ የገደለ ሰው በሟች ዘመዶች እጅ፣ ራሱ በገደለበት ዓይነት መሣሪያ ይገደል የነበረበት ልማድም የታወቀ ነው።

ሆኖም የሥርዓቱን አካሄድ በቅርብ ለሚመለከት ሰው ሌላ ገጽታ ይታየዋል። ከሳሽና ተከሳሽ በልብሳቸው ጫፍ ተቋጥረው ወይም በሰንሰለት ተቆራኝተው አብረው ይሄዱ ነበር። «በላ ልበልሃ»፣ «ተጠየቅ» እየተባባሉ በሕዝብ ፊት ይሟገታሉ፤ መንገደኛው ሳይቀር «በሕግ አምላክ» ሲሉት ቆሞ ይዳኛል። ፍርዱ ከተሰጠ በኋላም ነገሩ አያልቅም። ዳኛውና ሽማግሌዎቹ የሟችን ወገን የደም ዋጋ ተቀብሎ ምሕረት እንዲያደርግ ይለምናሉ፤ የገዳይ ዘመዶች ድንጋይ ተሸክመው ይወድቃሉ። ካሳውን መክፈል ያልቻለ ድኻ በሰንሰለት እንደታሰረ በየገበያው እየዞረ ይለምን ነበር። በአማራው አገር ደም አድርቅ ሽማግሌዎች፣ በኦሮሞው አገር የጉማ ሥርዓት ያንኑ ሥራ ይሠሩ ነበር፤ ዛሬም ጨርሰው አልጠፉም።

ይህን ስንል ያለፈውን ለማስዋብ አይደለም። ደም መላሽነት ትውልድ ተሻግሮ ቤተሰብ አጥፍቷል፤ ባለጠጋው በገንዘቡ ሲተርፍ ድኻው በአንገቱ ከፍሏል፤ የሴቶች ድምፅ በሸንጎው እምብዛም አልተሰማም። ልብ ሊባል የሚገባው የመግደልም የመማርም ሥልጣን በከፊል በተበዳዩ እጅ እንደነበረ ነው። ሕዝቡ «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ» ሲል የኪሳራን መጠን ከበደል መለየቱ ነው። ትልቁ ነገር በሚገባ ተሟግቶ ቢጠፋ ይችለዋል፤ ትንሹ ነገር ሳይሰማ ቢወሰድበት ግን ያንገበግበዋል።

«የሕዝብ ስሜት» እንደ ሕግ ምንጭ

ዘመናዊው መንግሥት ቅጣትን በእጁ ሲያስገባ ምሕረትንም አብሮ ወሰደው። በ1923 ዓ.ም. የመጀመሪያው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ወጣ፤ በ1949 ዓ.ም. ደግሞ የጄኔቫው ፕሮፌሰር ዣን ግራቨን ያረቀቁት ሕግ ተተካ። ይህ ሕግ ወንጀለኛን ማረምን ከዓላማዎቹ አንዱ ያደረገ፣ በዘመኑ ከተራቀቁት የሚቆጠር ነው። የሞት ቅጣትን ግን አስቀረ ማለት አይቻልም። የተሰጠውም ምክንያት ቅጣቱን መሰረዝ ከኢትዮጵያ ሕዝብ ሥር የሰደደ ስሜት ጋር አይስማማም የሚል ነበር። ግርፋትም ለተወሰኑ የስርቆትና የዝርፊያ ወንጀሎች እንዲቆይ ተደረገ።

ይህን ስሜት ማን ለካው? ሕጉ የወጣው በሐምሌ 1949 ዓ.ም. ነው። የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባላት ለመጀመሪያ ጊዜ በሕዝብ ቀጥታ ምርጫ የተመረጡት ደግሞ በ1950 ዓ.ም. መጀመሪያ ነው። ስለዚህ ስለ ሕዝብ ስሜት የመሰከሩት ሕዝብ ያልመረጣቸው ሰዎች ነበሩ ማለት ነው። ገበሬው ቢጠየቅ ምናልባት ያንኑ መልስ ይሰጥ ነበር፤ ነገር ግን አልተጠየቀም። የሞት ፍርድ ያለ ንጉሠ ነገሥቱ ማጽደቂያ እንዳይፈጸም ሲወሰንም የሟች ቤተሰብ ከነገሩ ወጣ። ቀድሞ ይለመን የነበረው ተበዳይ ከዚያ ወዲያ ተመልካች ሆነ።

በስቅላት አደባባይ

ተመልካቹ ያየውን እንዴት ተረጎመው? ሁለት ምሳሌ እንውሰድ። አርበኛው በላይ ዘለቀ ከጠላት ወረራ በኋላ ከመንግሥት ጋር ተጣልቶ ሞት ተፈረደበት፤ ቅጣቱ ወደ እስራት ከተለወጠለትም በኋላ ከእስር አምልጦ በመያዙ በ1937 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ተሰቀለ። መንግሥት በዚህ ስቅላት ሸፍቶ የሚያምፅ ሁሉ እንዲማር ፈልጎ ነበር። ጎጃም የተማረው ሌላ ነው፤ በእንጉርጉሮውና በቀረርቶው በላይን እስከ ዛሬ ሲያነሣው ይኖራል። ሁለተኛው፣ የታኅሣሥ 1953ቱ መፈንቅለ መንግሥት መሪ ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ ነው። በፍርድ ቤት ተከራክሮ፣ ይግባኝ አልጠይቅም ብሎ፣ በመጋቢት ወር በአደባባይ ተሰቀለ። በሕዝብ ፊት የተናገረው ቃል ግን ከገመዱ አልፎ ለቀጣዩ የተማሪ ትውልድ ስንቅ ሆነ።

በሁለቱም ጊዜ ለማየት የወጣ ሕዝብ ነበር። መሰብሰብ መደገፍ ነው ብሎ የሚያስብ የታሪክ ጸሐፊ ግን ይሳሳታል። ያው ሕዝብ ቤቱ ሲገባ ግጥም አወጣ፤ ግጥሙ ደግሞ የዳኛው አልነበረም።

ከፍርድ ወደ «እርምጃ»

በ1966 ዓ.ም. የተነሣው ጥያቄ ፍርድ የሚጠይቅ ነበር። በወሎ ረሃብና በሥልጣን መባለግ የተጠረጠሩት ሹማምንት እንዲመረመሩ ሕዝቡ ጮኸ፤ መርማሪ ኮሚሽንም ተቋቋመ፣ ቃል መቀበልም ጀመረ። ያ ምርመራ ገና በሂደት ላይ ሳለ ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ሌሊት ወደ 60 የሚጠጉ ሰዎች በአዲስ አበባው ወህኒ ቤት ያለ ፍርድ ተረሸኑ። ሁለቱ የቀድሞ ጠቅላይ ሚኒስትሮች አክሊሉ ሀብተ ወልድና እንዳልካቸው መኮንን ከእነርሱ መካከል ነበሩ። ደርግ ድርጊቱን «ፖለቲካዊ ውሳኔ» አለው። ውሳኔው ከሰዎቹ ጋር ሙግቱንም ገደለ፤ ስለ ረሃቡ ማን ምን እንዳደረገ በሸንጎ ሳይሰማ ቀረ። ከተማረው ክፍል መካከል ይህን የለውጥ ዋጋ ነው ብሎ ያለፈ አልታጣም። ብዙዎቹ ያን ያሉ ወጣቶች ሦስት ዓመት ሳይሞላ ያው «እርምጃ» ደረሰባቸው።

በቀይ ሽብር ዘመን እኛ ገና ፊደል በመቁጠር ላይ ነበርን። «እርምጃ ተወሰደባቸው» የሚለውን ሐረግ ከሬዲዮ የተማርነው ከንባብ መጽሐፋችን ቀድመን ነው። ቃሉ ራሱ ብዙ ይናገራል፤ ከሳሽ የለበትም፣ ተከሳሽ የለበትም፣ ገዳይም የለበትም። ቀበሌ ከሳሽ፣ ዳኛና ፈጻሚ ሆነ፤ በደረቅ አበሳ እርጥብ ነደደ። ልጇ የተገደለባት እናት እንዳታለቅስ ተከለከለች፤ አስከሬን ለማንሣት የጥይት ዋጋ የተጠየቀም ነበር። የጥንቱ ሥርዓት የደም ዋጋን ለሟች ወገን ያስከፍል ነበር፤ አዲሱ ከሟች ወገን ተቀበለ።

ይህም ሁሉ «በሰፊው ሕዝብ ጥያቄ» ተፈጸመ ተባለ። በአብዮት አደባባይ መፈክር ያሰማው ሰልፈኛ በቀበሌው ስም እየተጠራ የወጣ መሆኑን የማያውቅ የለም።

ከ1983 ዓ.ም. ወዲህ

ደርግ ሲወድቅ ልዩ ዐቃቤ ሕግ ተቋቋመ፤ ችሎቱ በታኅሣሥ 1987 ዓ.ም. ተከፈተ፤ ዋናዎቹ ባለሥልጣናት ጥፋተኛ የተባሉት ከ12 ዓመት በኋላ፣ በታኅሣሥ 1999 ዓ.ም. ነው። በጥር ወር የዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደ፤ ዐቃቤ ሕግ ይግባኝ ብሎ በግንቦት 2000 ዓ.ም. ሞት ተወሰነ። እኛ ያጨበጨብነው ይኸኔ ነው። ዋናው ተከሳሽ ግን ዚምባብዌ ተቀምጠው ነበር። ኋላ የሃይማኖት መሪዎች ምሕረት ለመኑ፤ በግንቦት 2003 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት ግርማ ወልደ ጊዮርጊስ የሞቱን ፍርድ ወደ ዕድሜ ልክ ለወጡት፤ በ2004 ዓ.ም. መጀመሪያ ከእስረኞቹ ብዙዎቹ በአመክሮ ተለቀቁ።

ልመናው የጥንቱን ሸንጎ ይመስላል፤ ልዩነቱ የተለመነው ሌላ መሆኑ ነው። ካህናቱና ሼኮቹ የወደቁት በመንግሥት እግር ላይ እንጂ በሟች እናት ደጅ አልነበረም። የተበዳይ ቤተሰቦች ቅሬታም የመነጨው በአብዛኛው ከዚህ ይመስለናል። ከመካከላቸው ሞትን የሚሹ ነበሩ፤ ምሕረትን የሚቀበሉም ነበሩ፤ ሁሉም ግን ልጃቸው የት እንደተቀበረና ትእዛዙን ማን እንደሰጠ ማወቅ ይፈልጉ ነበር። የችሎቱ ትልቁ ፍሬ ከቅጣቱ ይልቅ በጅምላ መቃብር ተቆፍሮ የወጣው አፅምና በሰነድ የተገኘው የግድያ ትእዛዝ ነው ብንል ማጋነን አይሆንም።

ሕጉም ቢሆን ተለውጧል። በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ ግርፋትን አስቀርቷል፤ የሞት ቅጣትን በአደባባይ ስቅላት መፈጸምንም ከልክሏል። የሞት ቅጣቱ ራሱ በመጽሐፉ ይኑር እንጂ፣ በ1999 ዓ.ም. ማብቂያ አንድ የጦር መኮንን የደኅንነቱን ኃላፊ በመግደሉ ከተረሸነ ወዲህ በፍርድ ቤት ውሳኔ መፈጸሙ በይፋ አልተሰማም። ቅጣቱ ሳይፈጸም ስለቀረ «ፍርድ ጠፋ» ብሎ የወጣ ሰልፍ አላየንም። ያለ ፍርድ ስለሚገደሉትና ስለሚሰወሩት ግን ጩኸቱ ከዓመት ዓመት አላባራም።

መደምደሚያ

ዓለም በቃኝ የተባለው የወህኒ ቤት ዛሬ የለም፤ በስፍራው የአፍሪካ ኅብረት ሕንፃ ቆሟል። ጥያቄው ግን እንዳለ ነው። በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. የሚኒስትሮች ምክር ቤት የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ አጽድቋል፤ ከዚያ በፊትና በኋላ በጦርነትና በግጭት ስለፈሰሰው ደም ነገ ሸንጎ የሚቆም ከሆነ፣ «ሕዝቡ ሞት ይሻል» የሚሉ ድምፆች ከአገር ቤትም ከስደትም መነሣታቸው አይቀርም። ከነዚህ ድምፆች ብዙዎቹ እንደ እኛ ምቹ አዳራሽ የተቀመጡ ይሆናሉ።

ታሪካችን የሚሰጠን ምክር ይህ ነው፤ ቅጣቱ ምን ያህል ይክበድ ብለን ከመጠየቃችን በፊት ማን ተሰማ፣ ማንስ ሳይሰማ ቀረ ብለን እንጠይቅ። የሞት ቅጣት ይቅር ወይስ ይኑር የሚለውን ክርክር በሙሉ ልባችን መከራከር የምንችለው ያን ጊዜ ነው። እኛ ይቅር ከሚሉት ወገን ነን፤ ምክንያቱም የተገደለ ተከሳሽ ሁለተኛ አይጠየቅም፣ የሟች እናትም ከእርሱ የምትሰማው ነገር ይኖር ነበር። ሌላው ወገን መልስ ቢኖረው በዚሁ መጽሔት ልንሰማው ዝግጁ ነን። ጭብጨባችንን ግን መልሰን ወስደናል።