ዘርፍና መቋጫው፤ ያልተጻፈው የእጅ ጥበብ ታሪክ

የሽመና ጥበባችን ታሪክ በተነሣ ቁጥር በቅድሚያ የሚታወሰው ሸማኔው ነው። ይህም ተገቢ ነው። ከጨንጫ ደጋ ወርዶ በየከተማው የሽመና ጉድጓዱን የቆፈረው የጋሞና የዶርዜ ሸማኔ አገር አልብሷልና። ጥጡን ዳምጣና ነድፋ በእንዝርት የፈተለችው ሴትም አልፎ አልፎ ትወሳለች። ሦስተኛዋ ባለሙያ ግን በታሪክ ገጽ ላይ ስፍራ አላገኘችም። እርሷም ነጠላውና ጋቢው ከሸማኔው እጅ ከወጡ በኋላ ዘርፋቸውን የምትቋጨው ናት።

የነጠላ ዘርፍ ከውጭ የተቀጠለ ጌጥ አይደለም። በሹራብ መርፌ ወይም በኪሮሽ በሚሠራው የአንገት ልብስ ላይ ዘርፉ በመጨረሻ ተቆርጦ የሚታሰር ክር ሲሆን፣ በነጠላ ላይ ግን ራሱ ድሩ ነው። ሸማኔው ማግ ሳያስገባበት የተወውን የድር ጫፍ ቋጪዋ በጥቂት በጥቂቱ ትከፍላለች፤ ሁለቱን ክፋይ ወደ አንድ አቅጣጫ ታከርራለች፤ ከዚያም አጣምራ ወደ ተቃራኒው ትገምዳለች፤ ጫፉንም ትቋጥራለች። ክሮቹ ለመፈታት ሲታገሉ እርስ በርሳቸው ይያያዛሉ። ይህ ካልተደረገ ማጉ ከዳር ጀምሮ ይተረተራል፤ ሸማኔው የደከመበት ጥለትም ይበላሻል።

ቋንቋችን ይህን ሐቅ አልዘነጋውም። ንግግርን፣ ሙግትን፣ ዕርቅን ከፍጻሜ ስናደርስ «ቋጨነው» እንላለን፤ የማሳረጊያውንም ቃል «መቋጫ» ብለን እንጠራዋለን። ቃሉ በየሸንጎው ሲከበር የሥራው ባለቤት ግን ተረሳች።

የመረሳቱ ሥር ሩቅ ነው። በፊውዳሉ ሥርዓት ሸማውን የሚለብሰው ሲከበር የሚሠራው «ቁጢት በጣሽ» እየተባለ ይሰደብ ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ባለሙያን መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከ ማውጣት መድረሳቸው የንቀቱን ጥልቀት ያስረዳል። ሸማኔው በስድብም ቢሆን ስም ነበረው። ቋጪዋ ግን ሥራዋ እንደ ቤት ውስጥ ግዳጅ በመቆጠሩ ስድቡ እንኳ አልደረሳትም።

ይህን ጉዳይ ዛሬ በሐዋሳ ማየት ይቻላል። በ2008 ዓ.ም. ሁለት ነገሮች የከተማዋን ስም አስጠሩ። በኅዳር የሲዳማ ሕዝብ የዘመን መለወጫ ፍቼ ጫምባላላ በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ ተመዘገበ፤ በሐምሌ ደግሞ ለውጭ ገበያ ልብስ የሚሰፋበት የኢንዱስትሪ ፓርክ ተመረቀ። የፓርኩ ሠራተኞች በብዛት ወጣት ሴቶች ናቸው። አሜሪካ ለኢትዮጵያ የሰጠችውን ከቀረጥ ነፃ ዕድል በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ስታቋርጥ የሩቅ አገር ውሳኔ የብዙዎችን እንጀራ ነካ። በጉዱማሌ አደባባይ ለበዓል የሚለበሰው ሸማ ገበያ ግን በአገር ውስጥ ነው። እርሱንም ቢሆን በማሽን የተሠራ አስመሳይ ጨርቅ እየተጋፋው ይገኛል። ጨርቁ የጥለቱን መልክ ይቀዳል፤ የቋጪዋን የዕለት ገቢ ግን ያስቀራል።

ስለዚህ መምህሩ ተማሪዎቹን ወደ እናቶቻቸውና አያቶቻቸው ልኮ የቋጠሮውን ዓይነትና ስያሜ ያስመዝግብ። ሠዓሊው ሸማኔውን ሲሥል ከደጃፍ ተቀምጣ ክር የምታከርረውንም ይጨምር። የባህል ሠራተኛውም ሸማ ለኤግዚቢሽን ሲያቀርብ ከሸማኔው ስም ጎን የፈታይዋንና የቋጪዋን ስም ይጻፍ። ሦስቱም ስሞች በአንድ ሰሌዳ ላይ ሲሰፍሩ ያን ጊዜ የሽመናችን ታሪክ መቋጫውን ያገኛል።