ባለ ሦስት ማዕዘኑ ባርኔጣ

ዛሬ ስለ አንድ ባርኔጣ ታሪክ እንጫወታለን።

በአሜሪካ አገር ሌክሲንግተን የምትባል ከተማ አለች። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ኤፕሪል 19 ቀን 1775 የእንግሊዝ ወታደሮች በዚያ 8 የአገሬውን ሰዎች ገደሉ። የነጻነቱ ጦርነት ተጀመረ። ዛሬም ነዋሪዎቹ በየዓመቱ የዘመኑን ልብስ ለብሰው ውጊያውን በትርኢት ያሳያሉ። ባለ ሦስት ማዕዘን ባርኔጣም ይደፋሉ።

ባርኔጣው እንዴት ይሠራል? ሱፉ አይፈተልም፥ አይሸመንም። በሙቅ ውሃ ሲታሽ እርስ በርሱ ይያያዛል። እርጥቡን በራስ ልክ በተጠረበ እንጨት ላይ ይወጥሩታል። ግርጌውን በገመድ አስረው እስኪደርቅ ይተዉታል። ከዚያ ክፈፉን ክብ አድርገው ይቆርጡታል። በሦስት ወገን ወደ ላይ ያጥፉትና በጠንካራ ክር ከአናቱ ጋር ይሰፉታል። አንዱ ማዕዘን ወደ ግንባር ይዞራል። አለቀ!

ሥራው ይኸው ነው። ነገር ግን ሕግ ያሰረው ሥራ ነበር እኮ! የእንግሊዝ ፓርላማ በ1732 ሕግ አወጣ። በአሜሪካ የተሠራ ባርኔጣ ከአንዱ ቅኝ ግዛት ወደ ሌላው እንዳይሸጥ አገደ። 7 ዓመት ሙያውን ያልተማረ እንዳይሠራ፥ አንድ ባለሙያም ከ2 በላይ ተማሪ እንዳይዝ ወሰነ። ጥቁር ሰውማ ጭራሽ በሥራው እንዳይቀጠር ተከለከለ።

ለምን? የለንደን ባርኔጣ ሠሪዎች ገበያ እንዳይነካ ነው። ያን ጊዜ ምርጡ ባርኔጣ የሚሠራው ቢቨር ከሚባል እንስሳ ፀጉር ነበር። ቢቨሩ ከአሜሪካ፥ ትርፉ ለለንደን!

እንግዲህ አንድ ዕቃ ስታዩ «ማን ሠራው? ማንስ እንዳይሠራ ተከለከለ?» ብላችሁ ጠይቁ። ታሪክ የሚጀምረው ከዚያ ነው።